በሳሳ አየር ላይ የመንገደኛ ክፍል፤ ከልደታ እስከ ቦሌ የካቢን ግፊት አጠባበቅ ታሪክ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ሽቦ ሳይዘረጋለት መልእክትን በአየር ያስተላልፍ ከነበረው የቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ዛሬ ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ ንፋስ ስልክ ላፍቶ በተባለው ክፍለ ከተማ ከዚሁ ከአየር ጋር የተያያዘ ሌላም የሰፈር ስም አለ፤ እርሱም ሕዝቡ በተለምዶ ኦልድ ኤርፖርት የሚለው ነው። ስሙ የተወረሰው ከልደታ አይሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፣ ቦሌ ከመሠራቱ በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ አገርም ሆነ ወደ አገር ውስጥ የሚጓዝ መንገደኛ ሁሉ የሚሳፈረው ከዚያ ሜዳ ላይ ነበር።

ይህ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 7,700 ጫማ ያህል ከፍታ አለው። የቦሌው ደግሞ ከ7,600 ጫማ ጥቂት ይበልጣል። ቁጥሩ ለአገሬው ሰው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ተወልዶ ያደገበት አየር ነውና። ለአይሮፕላን ሥራ ግን ከፍ ያለ ትርጉም አለው። በዓለም ላይ የሚሠሩ የመንገደኛ አይሮፕላኖች በመደበኛ በረራ ጊዜ የካቢናቸው አየር ከ8,000 ጫማ ከፍታ አየር የበለጠ እንዳይሳሳ ተደርገው ይሠራሉ። እንግዲህ የአዲስ አበባ መንገደኛ ገና መሰላሉን ሲወጣ፣ ሌላው ዓለም ለሰማይ የመደበውን ወሰን ሊነካ 400 ጫማ ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው። በሌላ አገር ከተነሡ በኋላ የሚመጣው የካቢን ግፊት ጥያቄ እዚህ ከመነሣት በፊት የሚመጣውም ስለዚህ ነው።

ግፊት ያልነበረበት ዘመን

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946) የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አይሮፕላኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ዳግላስ ሲ-47 ነበር። ይህ ጠንካራ አይሮፕላን በሣርም በጠጠርም ላይ የሚያርፍ፣ ጥገናውም ቀላል የሆነ በመሆኑ የአገሪቱን ጠረፍ ከመሐል አገር ጋር ለማገናኘት ከርሱ የተሻለ አልተገኘም። ነገር ግን ካቢኑ ግፊት አልነበረውም። የሞተሮቹ አየር በሱፐርቻርጀር እየተጨመቀ ሲቀርብላቸው፣ መንገደኛውና አብራሪው የሚተነፍሱት በመስኮቱ ውጭ ያለውን አየር ራሱን ነበር።

ይህም በረባዳ አገር ብዙ ችግር አያመጣም። ከባሕር ጠለል ተነሥቶ በ6,000 ወይም በ7,000 ጫማ ላይ የሚበር ሲ-47 መንገደኞቹን የሚያደርሳቸው የአዲስ አበባ ሰው በየቀኑ ከሚኖርበት ከፍታ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ግን መሬቱ ራሱ ወደ ላይ ይገፋል። ከከተማይቱ በስተሰሜን ያለው የእንጦጦ ጋራ ብቻውን ከ10,000 ጫማ ይበልጣል። ወደ ሰሜን ሲዘለቅ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወደ 14,000 ጫማ ይጠጋል፤ ራስ ዳሸን ደግሞ ከዚያም ያልፋል። አብራሪው ሸለቆውን ተከትሎ ቢሄድ ደመናው ይጋርደዋል፤ ከደመናው በላይ ቢወጣ አየሩ ይሳሳበታል። ዛሬ ባለው ደንብ የበረራ ሠራተኞች ግፊት በሌለው ካቢን ከ10,000 ጫማ በላይ ከግማሽ ሰዓት ለበለጠ ጊዜ ከቆዩ ኦክስጅን መውሰድ አለባቸው። በዚያ ዘመን የደጋውን መስመር ይዞ የሚሄድ ሠራተኛ በዚሁ ወሰን አካባቢ መዋሉ የዕለት ሥራው ነበር።

የሳሳ አየር ጉዳት ሕመም ሆኖ ባለመምጣቱ ያታልላል። በመጀመሪያ የሚደክመው ፍርድ ነው፤ ሰውየው እየተሳሳተ ሳለ ደኅና የሠራ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን በመሆን ሲ-47ን ለብቻቸው ያዘዙት አለማየሁ አበበና ከእርሳቸው በኋላ የመጡት አብራሪዎች ሙያውን የተማሩት በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ ነው። የደጋው ተወላጅ ደሙ ከከፍታው ጋር የተስማማ መሆኑ መጠነኛ ድጋፍ ይሰጠው እንደ ሆነ እንጂ፣ ከወሰኑ በላይ ሲወጣ የተፈጥሮን ሕግ አይሽርለትም።

አየር ጨምቆ ማስገባት

የካቢን ግፊት ሐሳብ ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ሩቅ አልነበረም። የድርጅቱን ሥራ በውል የያዘው የአሜሪካ ኩባንያ ትራንስ ዎርልድ አየር መንገድ፣ ካቢኑ ግፊት ያለውን የመጀመሪያ የመንገደኛ አይሮፕላን ቦይንግ 307 ስትራቶላይነርን እ.ኤ.አ. በ1940 ሥራ ላይ ካዋሉት ሁለት ኩባንያዎች አንዱ ነበር። ያ አይሮፕላን በካቢኑና በውጭው አየር መካከል ሊሸከም የሚችለው የግፊት ልዩነት በካሬ ኢንች 2.5 ፓውንድ ብቻ ነበር። በዚህም 14,700 ጫማ ላይ ሲበር ካቢኑን በ8,000 ጫማ ያቆይ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ሁለት ቁጥር መያዝ ይበቃል። በባሕር ጠለል ላይ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ኢንች 14.7 ፓውንድ ያህል ይጫናል። በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ ወደ 11.1 ይወርዳል። በ17,000 ጫማ 7.6፣ በ20,000 ጫማ ደግሞ 6.7 ያህል ነው። የአይሮፕላኑ አካል እንደ ተነፋ ፊኛ የሚሸከመው በውስጥና በውጭ ያለውን ልዩነት ነው። ስለዚህ አንድ አይሮፕላን 4.16 ፓውንድ ልዩነት እንዲሸከም ከተሠራ፣ በ20,000 ጫማ ላይ 6.7ን ከ4.16 ጋር ደምሮ ወደ 10.9 ያደርሳል፤ ይህም የ8,000 ጫማ አየር ነው። ከዚህ ዝቅ ያለ ካቢን የፈለገ ወይ ዝቅ ብሎ ይበራል፣ ወይ የተጠናከረ አካል ያሠራል።

በ1943 ዓ.ም. ገደማ አየር መንገዱ ኮንቬር 240 የተባሉትን ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላኖች ሲያስገባ፣ ግፊት ያለው ካቢን ልደታ ደረሰ። በ1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1958) የመጣው ባለ አራት ሞተር ዳግላስ ዲሲ-6ቢ ደግሞ አሠራሩን አስፋፋው። በዲሲ-6ቢ ላይ ለካቢኑ አየር የሚያቀርቡት ሁለት መጭመቂያዎች ሲሆኑ፣ የሚነዱትም በሁለቱ የዳር ሞተሮች ነበር። ይህም ማለት ሞተር ሲጠፋ የሚጎድለው ጉልበት ብቻ ሳይሆን የካቢኑ አየርም ነው። የበረራ መሐንዲሱ የነዳጁንና የዘይቱን ሰዓቶች እንደሚያይ ሁሉ የካቢኑንም ማየት ግዴታው ሆነ።

ቱርቦፕሮፑና አየር ነፊው

ጋዝ ተርባይን ሞተር ከውልብልቢት ጋር የተጋባበት ቱርቦፕሮፕ ወደ መደበኛ የመንገደኛ ሥራ የገባው እ.ኤ.አ. በ1953 በእንግሊዙ ቪከርስ ቫይካውንት ነው። ከርሱም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1955 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የሆላንዱ ፎከር 27 ተከተለ። ሁለቱም የሚሄዱት በሮልስ ሮይስ ዳርት ሞተር ነበር። ከኢትዮጵያ ጎረቤቶች የሱዳንና የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገዶች ፎከር 27ን ገዝተው አሠርተውታል።

ለዛሬ መካኒክ የሚያስገርመው ነገር እነዚህ አይሮፕላኖች የተርባይን ሞተር ይዘው ሳለ የካቢናቸውን አየር ከሞተሩ መጭመቂያ አለመውሰዳቸው ነው። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነበር። የዳርት ሞተር በመጠኑ ትንሽ በመሆኑ ከርሱ የሚቀዳ አየር በውልብልቢቱ ጉልበት ላይ ወዲያው ይታያል። ደግሞም በሞተሩ ውስጥ ያለፈ አየር የዘይት ሽታ ይዞ ወደ መንገደኛው እንዳይደርስ ይፈራ ነበር። ስለዚህ በሞተሩ የማርሽ ሣጥን የሚነዳ ራሱን የቻለ አየር ነፊ፣ በሙያው ቋንቋ ብሎወር፣ ተገጠመ። በፎከር 27 ላይ ይህ ነፊ ሁለት ተጋጣሚ ክንፎች በሽክርክሪት አየሩን እየያዙ ወደ ፊት የሚገፉበት ነበር። ከሚጨመቀው አየር የሚወጣው ሙቀት ካቢኑን ለማሞቅ ያገለግላል፤ ሲበዛም በማቀዝቀዣ በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል።

ካቢኑ የሚቆጣጠሩት ክፍሎች በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ናቸው። አየር ያለማቋረጥ ይገባል፤ ግፊቱን የሚወስነው የሚወጣው መጠን ነው። ይህን የሚመራው ማስወጫ ቫልቭ ሲሆን፣ ሲጠብ ካቢኑ ይነፋል፣ ሲሰፋ ይሳሳል። ከርሱ በላይ ልዩነቱ ከተፈቀደው ሲያልፍ በራሱ የሚከፈት የደኅንነት ቫልቭ አለ። የውጭው ግፊት ከውስጡ ከበለጠ ደግሞ አካሉ ወደ ውስጥ እንዳይጨማደድ አየር የሚያስገባ ሌላ ቫልቭ ይኖራል። በብዙዎቹ አይሮፕላኖች ላይ ለመነሣትና ለማረፍ ጊዜ የነፊውን አየር ወደ ውጭ የሚደፋ ማፍሰሻ ቫልቭም ተጨምሯል።

በአብራሪዎቹ ፊት ሦስት ሰዓቶች ነበሩ። አንዱ የካቢኑን ከፍታ፣ ሁለተኛው የግፊቱን ልዩነት፣ ሦስተኛው ካቢኑ በደቂቃ ስንት ጫማ እንደሚወጣ ወይም እንደሚወርድ ያሳያል። ከሥራቸው ሁለት ማዞሪያዎች አሉ፤ አንዱ የሚፈለገውን የካቢን ከፍታ፣ ሌላው የለውጡን ፍጥነት የሚመርጥ ነው። ለጆሮ እንዲመች ካቢኑ ሲወጣ በደቂቃ ከ500 ጫማ፣ ሲወርድ ከ300 ጫማ ገደማ እንዳይበልጥ ማድረግ የተለመደ ነው። ጆሮ አየር ማስወጣት ይቀለዋል፣ ማስገባት ግን ይከብደዋልና። ጉንፋን የያዘው መንገደኛና ሕፃን የታቀፈች እናት የአብራሪውን ችሎታ የሚመዝኑት በዚህች ማዞሪያ አጠቃቀም ነው።

ሌላም መጠንቀቂያ ነበር። ነፊው የሚሽከረከረው በሞተሩ ስለሆነ፣ አብራሪው ለመውረድ ሲል የሞተሩን ዙር ከልክ በታች ቢቀንስ የሚገባው አየር ያንሳል። በበሩ ላስቲክና በየመገጣጠሚያው የሚያፈተልከው ግን አይቀንስም። ያን ጊዜ አይሮፕላኑ እየወረደ ካቢኑ ይወጣል። ለዚህም ነው በእነዚህ አይሮፕላኖች ላይ የአወራረዱ ሥርዓት የመንገደኛውን ጆሮ ያገናዘበ የሆነው።

ከ7,600 ጫማ ላይ ሲነሡ

ይህ ሁሉ በመጻሕፍቱ የተጻፈው ማረፊያዎቹ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይሉበት አገር ልማድ ነው። በዚያ አገር ካቢኑ ከአይሮፕላኑ ጋር ትንሽ ይወጣል፣ ከአይሮፕላኑም ጋር ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ሲነሡ ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል።

ልዩነቱ 4.16 ፓውንድ የሆነ አይሮፕላን፣ ማለትም እንደ ዲሲ-6ቢ ወይም እንደ መጀመሪያው ፎከር 27 ያለ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ ይሄዳል እንበል። ሁለቱ ከተሞች በከፍታ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ካቢኑ በ7,600 ጫማ ላይ ተቆልፎ አይሮፕላኑ እስከ 19,400 ጫማ ያህል ሊወጣ ይችላል። መንገደኛው በሙሉ ጉዞው ከቤቱ አየር አይወጣም፤ ጆሮውም ምንም አይሰማውም። በመላው የአገሪቱ መስመሮች እንደዚህ የሚመች አልነበረም።

ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ዓደን ሲታሰብ ግን መድረሻው ባሕር ዳርቻ ነው። አይሮፕላኑ ወደ 17,000 ጫማ እየወጣ ሳለ ካቢኑ ከ7,600 ጫማ ወደ ታች መውረድ አለበት። የሚችለውም እስከ 5,900 ጫማ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ልዩነቱ አይፈቅድም። የቀረውን 5,900 ጫማ በደቂቃ 300 ለማውረድ 20 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል። አይሮፕላኑ ብቻውን ቢሆን በደቂቃ 1,000 ጫማ እየወረደ በ17 ደቂቃ ይደርሳል። ስለዚህ የመውረጃው ሰዓት የሚቆረጠው በአይሮፕላኑ ሳይሆን በካቢኑ ነው። ይህን ያላሰበ አብራሪ የመድረሻውን ከፍታ ሳይለውጥ በ7,600 ላይ ቢተወው፣ አይሮፕላኑ ከዚያ ከፍታ በታች ሲያልፍ ማስገቢያው ቫልቭ ይከፈታል። ካቢኑም ከአይሮፕላኑ ጋር በደቂቃ 1,000 ጫማ ይወርዳል፤ መንገደኛውም ጆሮውን ይዞ ይጮኻል።

የመልሱ ጉዞ ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው። ከጅቡቲ የተነሣ አይሮፕላን መምረጫው በባሕር ጠለል ላይ እንደ ቆየ ወደ አዲስ አበባ ቢመጣ፣ በ17,000 ጫማ ላይ ካቢኑ 5,900 ጫማ ነው። አይሮፕላኑ ወደ ቦሌ ሲወርድ ካቢኑም የታዘዘውን የባሕር ጠለል ፍለጋ አብሮ ይወርዳል። መንኮራኩሩ መሬት ሲነካ ካቢኑ 3,000 ጫማ፣ ውጭው 7,600 ጫማ ይሆናል። በመካከሉ ያለው ልዩነት 2 ፓውንድ ያህል ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 75 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከ70 ቁመት ባለው በር ላይ ሲያርፍ 2 ቶን ሊሆን ጥቂት የቀረው ጉልበት ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በሰው ኃይል አይበገርም፤ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ደግሞ ቁልፉ ሲለቀቅ ከፋቹን ይዞ ሊወረወር ይችላል። ከሁሉ የሚያሠጋው የደኅንነት ቫልቩ የማይረዳ መሆኑ ነው። እርሱ የተሠራው ከ4.16 ፓውንድ በላይ ሲሆን እንዲከፈት ነውና፣ ለ2 ፓውንድ አይነቃም። ይህን የሚይዘው የሰው ዓይን ብቻ ነበር። ሞተር ከመጥፋቱና በር ከመከፈቱ በፊት የልዩነቱ ሰዓት ዜሮ መሆኑን ማየት እንደ ጸሎት የማይዘለል ልማድ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

የመነሣቱም ጊዜ የራሱ ሥጋት አለው። በአዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠለል ቢነጻጸር በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ሞተሩም በዚያው መጠን ይደክማል። ስለዚህ የካቢኑን አየር ለመነሣት ጊዜ ዘግቶ ጉልበቱን ሁሉ ለውልብልቢቱ መስጠት የሚያስፈልግበት ጊዜ ይኖራል። ተነሥቶ ሲያበቃ አየሩን መመለስ ቢረሳ ግን ምን ይሆናል? የካቢን ማስጠንቀቂያ ድምፅ የሚሰማው 10,000 ጫማ ላይ ነው። ከባሕር ጠለል ተነሥቶ በደቂቃ 1,000 ጫማ የሚወጣ አይሮፕላን እዚያ እስኪደርስ 10 ደቂቃ አለው። ከቦሌ የተነሣው ግን ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላውም። ማስጠንቀቂያው የሚመጣው አብራሪዎቹ ጎማ በሚያነሡበት፣ ጉልበት በሚቀንሱበት፣ ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር በሚነጋገሩበት በዚያው በሚበዛው ሥራ መካከል ነው።

በዓለም ላይ ይህን የሚጋራ ከተማ ጥቂት ነው። የሜክሲኮ ከተማ ማረፊያ 7,300 ጫማ ያህል ነው። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ከ8,300 በላይ ስትሆን፣ የቦሊቪያው ኤል አልቶ ከ13,000 ጫማ አልፎ የማስጠንቀቂያው መሣሪያ ራሱ እንዲሻሻል ያስገድዳል።

ከፒስተን ወደ ጄት የተዘለለው ደረጃ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዲሲ-6ቢ በኋላ እንደ ቫይካውንት ያሉትን ትላልቅ ቱርቦፕሮፖች ሳይገዛ በቀጥታ ወደ ጄት ተሻገረ። ቦይንግ 720ቢ በ1955 ዓ.ም. ገብቶ በጥር ወር የመንገደኛ ሥራ ጀመረ። የልደታ ሜዳ ጄት የሚያስተናግድ ባለመሆኑ ቦሌ ተሠርቶ የዓለም አቀፉን በረራ ተረከበ። ልደታም ለጦር ሠራዊቱ አገልግሎት ቀረ።

የውጭው መስመር እንዲህ ወደ ላይ ሲመጥቅ የአገር ውስጡ ለብዙ ዓመታት ከሲ-47 ጋር ቆየ። ኋላም በ1970ዎቹ ዓ.ም. ትዊን ኦተር ታከለ። ይህ ቱርቦፕሮፕ ቢሆንም ካቢኑ ግፊት የለውም። ባለ ግፊት ቱርቦፕሮፕ ወደ መንገደኛው ሥራ የገባው ኤቲአር 42 ሲመጣና፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ፎከር 50 ሲከተል ነው። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የካናዳው ኪው-400 ቦታውን ያዘ።

በእነዚህ ላይ ነፊው የለም። አየሩ ከሞተሩ መጭመቂያ በቀጥታ ይቀዳል፤ ሞተሩ በብርታቱ የቀድሞውን ስስት አስቀርቷልና። የኤቲአር 42 ልዩነት 6 ፓውንድ ገደማ በመሆኑ፣ ፎከር 27 በ17,000 ጫማ ላይ ካቢኑን 5,900 ያደርስ እንደ ነበር ሁሉ፣ ይህኛው ወደ 2,000 ጫማ ማውረድ ይችላል። አብራሪው የመድረሻውን ከፍታ ይሞላል፤ የቀረውን መቆጣጠሪያው ራሱ ያሰላል። ሆኖም የመድረሻውን ቁጥር የሚሞላው ዛሬም ሰው ነው። ዘዴው ተለወጠ እንጂ ጥያቄው ያው ነው።

በሩ ሲከፈት

የካቢን ግፊት ሆን ተብሎ የሚተውበትም ጊዜ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ በደረሰው ድርቅ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስና የጀርመን አየር ኃይል ትራንስዓል አይሮፕላኖች እህል ለማመላለስ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ሁለቱም ባለ ግፊት ቱርቦፕሮፖች ናቸው። መንገድ በሌለባቸው የደጋ ቀበሌዎች እህሉ ከአየር ላይ እንዲጣል ሲወሰን፣ የኋላ በራቸውን ከመክፈታቸው በፊት ካቢኑን ባዶ ማድረግ ነበረባቸው። ጆንያው የሚጣለውም ከመሬት በጥቂት አሥር ጫማዎች ከፍታ ላይ ሆኖ ነው።

በሌላ አገር ዝቅ ብሎ መብረር ማለት ወፍራም አየር መተንፈስ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ከመሬት ጥቂት ጫማ ከፍ ብለው እያለ እንኳ ከባሕር ጠለል በላይ 8,000ና ከዚያ በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ሠራተኞቹ ጆንያ እየጎተቱ የሚተነፍሱት፣ ከታች እህሉን የሚጠብቀው ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ የተነፈሰውን አየር ነበር።

ያልታየው ሥራ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከካፒቴኑ ይልቅ ስሙ የማይነሣው የመካኒኩ ነው። ካቢን ግፊትን የሚይዘው በሺህ የሚቆጠሩ ሪቬቶች፣ በመስኮት ላስቲኮች፣ የመቆጣጠሪያ ሽቦዎች በሚያልፉባቸው ቀዳዳዎችና በበሩ ጠርዝ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲላላ አይሮፕላኑ አይወድቅም፤ ነፊው ጥቂት አብዝቶ ይሠራል፣ ማስወጫው ቫልቭ ጥቂት ይጠባል። ማንም ሳያየው ወሰኑ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ በየጊዜው አይሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ በሩ ተዘግቶ ይነፋል። ከዚያ አየር ማስገባቱ ይቆምና ግፊቱ በስንት ጊዜ እንደሚወርድ በሰዓት ይለካል። መንገደኞች በካቢን ውስጥ ሲጋራ ያጨሱ በነበረበት ዘመን፣ ጢሱ በማስወጫው ቫልቭ ላይ ዝፍት ሆኖ እየተጋገረ አንቀሳቃሹን ያጣብቀው ነበር። አየር የሚያፈተልክበትንም ቦታ በአካሉ ላይ ቡናማ መስመር ሆኖ ያሳይ ነበር። ለጤና ክፉ የነበረው ጢስ ለመርማሪው ዓይን ምልክት ይተውለት ነበር።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ እንዳልሆነ ዓለም በከባድ ዋጋ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1954 የእንግሊዙ ኮሜት ጄት ሁለት አይሮፕላኖች በአየር ላይ የተበታተኑት፣ አካላቸው በየበረራው በመነፋትና በመሟሸሽ ከድካም የተነሣ ስለ ተሰነጠቀ መሆኑ በምርመራ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአውስትራሊያ አንድ ባለ ሁለት ሞተር ቱርቦፕሮፕ በውስጡ የነበሩት ስምንት ሰዎች አየር አጥሯቸው ከራሳቸው ስተው ሳለ፣ ነዳጁ እስኪያልቅ ብቻውን በረረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የሄሊዮስ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የግፊት መምረጫው በእጅ አሠራር ላይ እንደ ተተወ ተነሣ። አብራሪዎቹ ማስጠንቀቂያውን የሌላ ነገር መስሏቸው ወጡ፤ በግሪክ ተራራ ላይ 121 ሰዎች አለቁ። መምረጫዋ ከአንድ ጣት አትበልጥም።

አበው «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። የካቢን ግፊት ሥራ ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ስሕተቱ ገና በመሬት ላይ ሳለ መያዝ አለበት። በአዲስ አበባ ደግሞ ከሌላው ይልቅ በቶሎ፤ ምክንያቱም የሚጠብቀው ጊዜ አጭር ነው።

ዛሬ በኦልድ ኤርፖርት መንደሮች ዘንድ የሚያልፍ ሰው ከራሱ በላይ የሚሄደውን አይሮፕላን ሲሰማ በውስጡ ስላለው አየር አያስብም። ማሰብም አይጠበቅበትም። እርሱ እንዳያስብ የሚያስቡለት አሉና፤ ከመነሣት በፊት የመድረሻውን ቁጥር ሞልቶ ሁለተኛ የሚያነበው ረዳት አብራሪ፣ የበሩን ላስቲክ በእጁ ዳሶ የሚፈትሸው መካኒክ፣ የልዩነቱ ሰዓት ዜሮ ሳይደርስ በሩን እንዳይከፍት እጁን የሚይዘው ሠራተኛ። ከሲ-47 ዘመን እስከ ዛሬ መሣሪያዎቹ ብዙ ጊዜ ተለዋውጠዋል። የከተማዪቱ ከፍታ ግን አልተለወጠም፤ ከርሱ ጋር የመጣው ግዴታም እንዲሁ።